ስንት ጊዜ ማርያም ማርያም ተባለልሽ?

ቁጥር አምናለሁ፤ በጣም ያማረ ቁጥር ሳይ ግን እጠረጥራለሁ። ጠባዩ የመጣብኝ ከአባቴ ሱቅ ነው። አባቴ ወረታ ገበያ ዳር ስኳርና ጋዝ፣ ሳሙናና ባትሪ ይሸጣል። እኔ ልጅ ሆኜ እሱ የመዘነውን ደግሜ ካልመዘንኩ አይዋጥልኝም ነበር። «ይቺ ልጅ ሚዛን አታምን፣ ባሏን እንዴት ልታምን ነው?» እያለ ደንበኞቹን ያስቅብኛል። እስካሁን ባል የለኝም፤ እሱ ይህን እንደ ትንቢት ይቆጥረዋል።

የማወጋችሁ ነገር የደረሰብኝ ከጥቂት ክረምቶች በፊት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስታቲስቲክስ አጥንቼ ወደ አገሬ ስመለስ፣ በወረዳችን የእናቶችን ጤና የሚያጠና አንድ ቡድን ቀጠረኝ። ጠያቂዎቹ ቤት ለቤት እየዞሩ የሴቶችን መልስ በታብሌት ይሞላሉ። ስንት ልጅ ወለድሽ፣ ልጅ ሞቶብሽ ያውቃል፣ የት ወለድሽ፣ ማን አዋለደሽ? እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ መልሶቹ እርስ በርሳቸው ይጣሉ አይጣሉ እንደሆነ እፈትሻለሁ። በሰው ውሸት እንጀራ መብላት ማለት ይኼ ነው።

ውጤቱ ሲደመር አንድ የሚያስገርም ነገር ወጣ። የወረታ ከተማ እናቶች፣ ጤና ተቋም አፍንጫቸው ሥር እያለ፣ በብዛት ጨቅላ ልጅ ሞቶብናል ይላሉ። ከሐይቁ ዳር ያለች አንዲት ቀበሌ ግን (ስሟን ልተወው) ክረምት በገባ ቁጥር የፎገራ ሜዳ ውኃ ሞልቶ ከአስፋልቱ ይቆርጣታል፤ እዚያ ጨቅላ ልጅ የሚሞትባት እናት የለችም ማለት ይቻላል።

«ዓሣ ነዋ!» አለ አለቃዬ። «ዓሣ ይበላሉ።»

«ጋሼ፣ ዓሣ ያዋልዳል እንዴ?»

ሳቀ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ነፍሰ ጡሮችን የሚያመላልስ የሞተር ጀልባና የመውለጃ ቀናቸው የደረሰ እናቶች የሚያርፉበት ማቆያ ቤት የት ይሁን የሚለው የሚወሰነው በእኛ ሪፖርት ነው። በዚህ ቁጥር ከሆነ ለሐይቅ ዳሯ ቀበሌ ምንም አያስፈልጋትም።

እኔን ሁለት ነገር ከነከነኝ። የትም አገር ሕፃን በብዛት የሚሞተው በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። የዚያች ቀበሌ ግራፍ ግን መጀመሪያው ላይ ባዶ ሆኖ ቆይቶ ነው የሚነሳው። ሌላው፣ ሴቶቹ ካገቡ በኋላ የመጀመሪያ ልጃቸውን እስኪወልዱ ብዙ ዓመት ይቆያሉ፤ መከላከያ ትወስጃለሽ ሲባሉ ግን አንወስድም ነው መልሳቸው። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ምን ነበር?

«ሩዝ ሲያርሙ ነበራ» አለ አለቃዬ። ከዚያ ፊቴን አይቶ፣ «እሺ ዘሃራ፣ ሄደሽ ራስሽ ጠይቂ። ሪፖርቱ ግን ከዚህ ሳምንት አያልፍም» አለኝ።

የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሰብለ ትባላለች። ከተመደበች ዓመት ያልሞላት፣ ቀጭንና ፈጣን ልጅ ናት። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ስለዋጠው ከአስፋልቱ ዳር በታንኳ ተሻገርን፤ ከዚያ ጫማችንን አውልቀን በሩዙ ማሳ መሐል በጉልበት ጥልቅ ውኃ ሄድን። ከጠዋት ጀምሮ ከሐይቁ በኩል ከባድ ንፋስ ይነፍስ ነበር። ሰብለ፣ «መጀመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ልይ፤ ወሯ ገብቷል» ስላለችኝ ወደ የዝና ቤት ሄድን። የዝናን በስም አውቃታለሁ። ጠያቂዎቻችን ከወራት በፊት አነጋግረዋት፣ ካገባች ሰባት ዓመቷ፣ ልጅ ወልዳ የማታውቅ፣ ልጅ ሞቶባት የማያውቅ፣ አሁን የመጀመሪያዋን ያረገዘች ተብላ ተመዝግባለች።

በሩ ላይ አማቷ እማማ በላይነሽ ተቀበሉን። ከሲታ፣ አንደበታቸው የተሳለ አሮጊት ናቸው። እኔን ትኩር ብለው አዩኝና፣

«አንች የሰይድ ልጅ አይደለሽም?» አሉ። «አባትሽ ደህና ነው? ጋዙን ውኃ ሳይቀላቅል ይሸጥልናል፤ ዕድሜ ይስጠው። ምን እግር ጣለሽ በዚህ ዝናብ?»

ሳልመልስ ከውስጥ የሚያቃስት ድምፅ ሰማሁ። ሰብለ ቀድማኝ ገባች።

የዝና የቤቱን ምሰሶ አቅፋ ተንበርክካለች። ሁለት ጎረቤቶች ወገቧን ደግፈው፣ ምጡ በመጣ ቁጥር «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። ሰብለ ሆዷን ዳሰሰች፣ የልጁን የልብ ምት አዳመጠች፤ ከዚያ ወደ ደጅ ወጥታ ወረታ ወዳለችው አዋላጅ ሲስተር ደወለች። እኔም አጠገቧ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ።

«ስንተኛዋ ነው?» አለች ሲስተሯ።

«የመጀመሪያዋ።»

«ምጡ መቼ ጀመራት?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«እንግዲያው ጊዜ አለሽ። የመጀመሪያ ምጥ ቶሎ አይለቅም። በዚህ ንፋስ ታንኳ ላይ እንዳታወጫት። አመሻሽ ላይ ሲበርድላችሁ ተነሱ፤ አምቡላንስ አስፋልቱ ድረስ እልካለሁ።»

ምክሩ ትክክል ነበር። ለመጀመሪያ ልጅ ከሆነ በማዕበል ከመገልበጥ መቆየቱ ይሻላል። የየዝና ባል አዲሱም ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሞ ሰምቶ ነበርና ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ታንኳው የእሱ ነው፤ ንፋሱን ከእኛ የበለጠ ያውቀዋል። ስለዚህ ልንጠብቅ ተስማማን።

ተቀመጥን። ምጡ ይመጣል ይሄዳል፤ እየቆየ ሲሄድ ግን በመምጣትና በመሄድ መካከል ያለው ፋታ አጠረ። እኔ እንግዲህ ሙያዬ መቁጠር ነው፣ ፋታው ሲያጥር ልቤ መፍራት ጀመረ። ያን ጊዜ እማማ በላይነሽ ወደ አንዷ ጎረቤት ጠጋ ብለው፣ «ያለፈውም እንዲህ ነው ያጣደፋት» ሲሉ ሰማኋቸው።

«እማማ፣ ያለፈው የቱ ነው?»

«ምን?»

«አሁን ‹ያለፈው› አሉ።»

«ምንም አላልሁ።»

«ብለዋል። ሰምቻለሁ።»

«እንዴ! አንች ሳትወልጅ ስለ ምጥ ምን አግብቶሽ? ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!»

ሴቶቹ በጭንቀታቸው መሐል ሳቁ። እኔም ፊቴ ጋለ፤ በዚያ ቤት ውስጥ ለካስ ያላገባነው እኔና ሰብለ ብቻ ነን። ግን ያ የሚዛን በሽታዬ ተነሳብኝ። ምጡ ፋታ ሲሰጣት ወደ የዝና ጠጋ አልኩና ፎርሙ ላይ ያለውን ጥያቄ ቃል በቃል ጠየቅኳት።

«የዝና፣ ከዚህ በፊት ልጅ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ልጅ ሞቶብሽስ ያውቃል?»

«ኧረ ወሬውን ያርቀው! አልሞተብኝም።»

ዓይን ዓይኔን እያየች ነው የመለሰችልኝ። ብዙ የውሸት መልስ አይቻለሁ፤ ይህች ልጅ አትዋሽም ነበር። እውነቷን ነው፤ አማቷም እውነታቸውን ነው። ሁለት እውነት ሲጣላ ደግሞ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉት ይህን ነው። ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያስፈልገኛል፤ ግን ምን ብዬ? ያን ጊዜ ሴቶቹ እንደገና «ማርያም! ማርያም!» ማለት ጀመሩ። እኔ የእስላም ልጅ ብሆንም ያደግኩት ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር አንድ አጥር ተካፍለን ነው፤ ይህ ጥሪ ሲሰማ እናቴ ቅቤ አስይዛ ትልከኛለች። ለምጥ እንጂ ለሌላ ነገር እንዲህ አይጠራም።

ምጡ ለቀቅ ሲያደርጋት ጠብቄ፣

«የዝና፣ ስንት ጊዜ ማርያም ማርያም ተባለልሽ?» አልኳት።

 የዝና አማቷን ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ እኔን።

«ከዚኸኛው ጋራ ሦስት።»

«ምን ይሠራልሻል ይኸ!» ብለው እማማ በላይነሽ ተነሱ።  «ምን ይሠራልሻል? ክርስትና ያልተነሳ ይቆጠራል እንዴ?»

ያ ባዶ ግራፍ ዓይኔ ላይ መጣ። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። ከዚያ በፊት የሞተ ሕፃን ስም የለውም፣ ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም፣ ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ጓሮ ይቀበርና ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይታለፋል። እኛ «ልጅ ሞቶብሽ ያውቃል?» ስንል እነሱ የሚሰሙት ስም ወጥቶለት ስለተነጠቁት ነው። በእኛ ቤት ነገሩ ሌላ ነው። እናቴ ስድስት ወለድኩ ትላለች፤ እኛ አምስት ነን። ስድስተኛው አንድ ሌሊት አድሮ የሞተ ነው፤ ታጥቦ፣ ስም ወጥቶለት ከአያቶቼ ጎን ተቀብሯል። የከተማዋ ቁጥር የበዛው የእኛዎቹ የእስላም እናቶች ስለሚቆጥሩ ነው። የሐይቅ ዳሮቹ ደግሞ አልዋሹንም፤ እኛ ነን የማይሰማ ጥያቄ ይዘንባቸው የሄድነው።

ይህን ሁሉ ለማሰብ አፍታ አልፈጀብኝም፤ ሰብለ ግን ከእኔ ቀድማ ሌላ ነገር አስባለች። ጉልበቷ ላይ ተንበርክካ፣

«ያለፈው ጊዜ አንች እንዴት ሆንሽ?» አለቻት።

«እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ዋለ» አለች የዝና። «ደሜ አላቆም አለ። ራሴን ስቸ ሰነበትሁ፤ እንዳለሁም አላውቅ።»

ሰብለ ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ የለም። ወደ ደጅ ወጣች፣ እጇን አንስታ በዝናቡ ዞረች፤ የለም። ስትመለስ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ሦስተኛ ከሆነ እስከ ማታ አትቆይም፤ አሁን ትወልዳለች» አለችኝ በጆሮዬ። «ደሙም ከመጣ እዚህ ሆኜ የማደርገው የለኝም። ማህፀን የሚያኮማትር ክኒን አለኝ፣ እሱ ብቻ። መሄድ አለብን።»

«በዚህ ንፋስ?» አሉ እማማ በላይነሽ፤ ጆሯቸው አያረጅም። «ሁለት ነፍስ ለውኃ አልሰጥም! እዚሁ ትውለድ። ያለፈውንም ማርያም አውጥታታለች።»

«እማማ፣ ሁለቴ አይታደሉም» አለች ሰብለ።

«አንች ማን ሆነሽ ነው ለኔ...»

ክርክሩን የፈታው አዲሱ ነው። ምጥ ወዳለበት ወንድ አይገባምና በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ዓይኑ ወደ ጓሮ ሄደ፤ ቆየና፣

«ሁለቱንም እኔ ነኝ የቀበርኋቸው» አለ። «ከጌሾው ሥር። ሦስተኛ አልቆፍርም፤ እሷንማ ጭራሽ።»

ታንኳውን ሊፈታ ሄደ። እናቱ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል ሳይናገሩ ጋቢና ጨርቅ መሰብሰብ ጀመሩ።

ታንኳው እንጨት የሚጫንበት ሰፊ የደንገል ታንኳ ነው። የዝናን በቃሬዛ አምጥተን መሐሉ ላይ አስተኛናት። አዲሱና አንድ ጎረቤት ከፊትና ከኋላ ይገፋሉ፤ ሰብለ፣ እማማ በላይነሽና እኔ አጠገቧ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ከሩዙ ማሳ ወጥተን ጉማራ ወደተኛበት ሰፊ ውኃ ስንገባ ንፋሱ ከጎን መታን። ውኃው በጠርዙ እየገባ ጉልበታችንን ያጥበናል። እኔ መዋኘት አልችልም፤ አልዋሻችሁም፣ ያን ጊዜ ስለ የዝና ሳይሆን ስለ ራሴ ነበር ዱዓ የማደርገው።

ገና ግማሽ ሳንደርስ የዝና ጮኸች። ሰብለ ጋቢውን ገለጠች፤ «መጣ» ብቻ ነው ያለችው። አዲሱ ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሮ ይገፋል። ልጁ በሁለት ምጥ ወጣ። ሴት ናት። አለቀሰች። ሰብለ እትብቱን አስራ ቆረጠችው። የያዝነው ጨርቅ ሁሉ በስብሶ ስለነበር የራሴን ሻሽ ፈትቼ ጠቀለልኳትና ደረቴ ውስጥ ከተትኳት። እልል ያለ ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም የምናየው ወደ ታች ነበር።

እንግዴ ልጁ አልወጣም። ደሙ ግን መጣ።

ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ደምም እንደዚያ ነው። እኔ የሚገነፍል መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ በደንገሉ መሐል እየገባ ይወርድ ነበር። ሰብለ ክኒኑን ምላሷ ሥር አደረገችላት፤ ሆዷን በመዳፏ እየጫነች ማሸት ጀመረች። እማማ በላይነሽ የቀረውን እትብት ሊስቡ እጃቸውን ሲዘረጉ፣

«እማማ! እጅዎን!» ብላ ጮኸችባቸው።

በዚያ አገር ልጅ እግር አሮጊት ላይ አይጮህም። እማማ ግን እጃቸውን መልሰው ጉያቸው ውስጥ ደበቁት።

«ዘሃራ፣ እንዳትተኛብኝ አዋሪያት» አለችኝ ሰብለ። «ዓይኗን ከከደነች አጣኋት።»

ምን ላዋራት? የሚያስቅ ነገር አልመጣልኝም፣ ጸሎቷንም አላውቀውም። እኔ የማውቀው መጠየቅ ብቻ ነው።

«የዝና፣ የመጀመሪያው ወንድ ነበር ሴት?»

«ወንድ።»

«አልቅሶ ነበር?»

«አለቀሰ... ዶሮ እስኪጮህ አለቀሰ።»

«ጡት ያዘ?»

«እምቢ አለ።»

«ሁለተኛውስ?» ዓይኗ ሲከደን ጉንጯን መታሁት። «የዝና! ሁለተኛውስ?»

«ሴት። አላለቀሰችም። ዓይኗን ገልጣ አይታኝ ነበር... አንድ ጊዜ።»

«ማንን ትመስላለች?»

 ከዚያ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ጆሮዬን ጠጋ አደረግኩ።

«አዲሱን» አለች።

ከኋላችን አዲሱ ይገፋበት የነበረው መቅዘፊያ አንዴ ውኃውን ሳተ። እማማ በላይነሽ ምራታቸውን ትክ ብለው ያዩአታል፤ አንድ ቤት እየኖሩ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

አስፋልቱ ላይ ስንደርስ አምቡላንስ የለም፤ እንዴትስ ይኖራል፣ የተባለው አመሻሽ ላይ ነው። ከባሕር ዳር በኩል አንድ ሩዝ የጫነ አይሱዙ ብቅ አለ። እጃችንን አነሳን። ሾፌሩ ቃሬዛውንና ደሙን አይቶ መሪውን ወደ ዳር ጠምዝዞ ሊያልፈን ሲል፣ እማማ በላይነሽ መሐል አስፋልት ላይ ወጥተው ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ፍሬኑ ጮኸ። የመኪናው አፍንጫ ነጠላቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ሽማግሌ አይደሉ እንዴ እማማ? ሊሞቱ ነው?» ብሎ ጮኸ ሾፌሩ።

«አዎ! ወይ እሷን ጫናት፣ ወይ እኔን ርገጠኝ!»

ጫናት። ደግነቱን መካድ አልችልም፤ ከዚያ እስከ ወረታ ድረስ እጁን ከጡሩምባው ላይ አላነሳም።

ሰብለ ከመንገድ ላይ ደውላላት ስለነበር ሲስተሯ በር ላይ ጠበቀችን። የዝናን ይዘዋት ገቡ። እኛ ኮሪደሩ ላይ ቀረን፤ እኔ ጸጉሬ ተራቁቶ፣ አዲሱ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ፣ ሕፃኗ ሻሼ ውስጥ እየተንጫጫች። እማማ በላይነሽ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ዓይኔን ከበሩ ማንሳት አልቻልኩም። በሩ ተከፈተ፣ አንዲት ነርስ ሮጣ ወጣች፣ ደም ይዛ ተመለሰች፤ እንደገና ተዘጋ። አዲሱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ትኖራለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ያህል ዓመት ስታቲስቲክስ ተምሬ፣ አላውቅም አልኩት።

ሲስተሯ ስትወጣ ክንዷ እስከ ክርኑ ደም ነበር። እንግዴ ልጁን በእጇ ነው ያወጣችው።

«ቆሟል» አለች። «ትተርፋለች።»

አዲሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሲስተሯ ወደ ሰብለ ዞራ፣ «ሦስተኛዋ መሆኑን ማን ነገረሽ?» አለቻት። ሰብለ ወደ እኔ ጠቆመች። «እንዳልኳችሁ ንፋሱ እስኪበርድ ብትጠብቁ ኖሮ አትደርስም ነበር» አለች ሲስተሯ። «እኔ ነኝ ጠብቁ ያልኳችሁ።» አጠገቧ ሄጄ ትከሻዋን ያዝኩ። የተሳሳተ መልስ ተሰጥቷት ትክክለኛ ምክር የሰጠች ሴት ናት።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ ታሪኬን ባሳምርላችሁ ደስ ባለኝ። አለቃዬ ስነግረው ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ግን «ዘሃራ፣ አንዲት ሴት ስታቲስቲክስ አይደለችም» አለኝ። ልክ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው እል ነበር። ስለዚህ ሪፖርቱ ይቆይ፣ ሁሉንም ደግመን እንጠይቅ ብዬ ያዝኩት፤ እሺ እስኪለኝም አልለቀቅኩትም። በጥያቄው አቀራረብ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ብዙ ተጨቃጨቅን። ማርያም ማርያም ለእስላም ሴት እንዴት ይሆናል አሉኝ፤ ይህን ለእኔ ይነግሩኛል! በመጨረሻ «ስንት ጊዜ ምጥ ይዞሽ ያውቃል?» ብለን ጀመርን፤ ከዚያ ስለ እያንዳንዱ ምጥ፣ አለቀሰ ወይ፣ ጡት ያዘ ወይ፣ አንችስ እንዴት ሆንሽ። ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ ሳምንታት ፈጀ፤ ሴቶቹ አንዴ ከጀመሩ አያቆሙማ።

ባዶ የነበረው የግራፉ መጀመሪያ ሞላ። የዓሣው ወሬም በዚያው ቀረ። ማቆያ ቤቱ አሁን ከአስፋልቱ ዳር እየተሠራ ነው፤ ጀልባዋም መጥታለች፤ ሞተሯ በየጊዜው ይበላሻል እንጂ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይሉናል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የሚያስፈራኝ ተጠይቆ የተመለሰ ነገር ነው። እናንተም ስለ ጤና፣ ስለ ድህነት፣ ስለምንም ነገር የተደመረ ቁጥር ስታዩ፣ «ሲጠይቋቸው ምን ብለው ነው የጠየቋቸው?» በሉ። ሰው ሲጠየቅ የሚመልሰው የሰማውን ያህል ነው።

ውኃው ጎድሎ ሩዙ ማሸት ሲጀምር ወደዚያች ቀበሌ እንደገና ሄድኩ። የዝና ልጇን እያጠባች ደጅ ላይ አገኘኋት፤ ክርስትና ከተነሳች ሰንብታለች። አዲሱን የገለበጠች ናት። ጥያቄዬን ጨርሼ ልነሳ ስል እማማ በላይነሽ በርጩማቸውን ጎትተው ከፊቴ ተቀመጡ።

«እኔንም ጠይቂኝ።»

«እማማ፣ ጥናቱ ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በላይ አይጠይቅም።»

«በታንኳው ላይ ምራቴን እንደጠየቅሻት ጠይቂኝ።»

ደስ ይበላቸው ብዬ ዕድሜያቸውን ታብሌቱ ላይ ብጽፍ፣ አይመለከታቸውም ብሎ ገጹን ዘጋብኝ። አሳየኋቸው።

«እኔ መቼ መስታወትሽ ይጠይቀኝ አልሁ?» አሉ። «አንች ጠይቂኝ።»

ታብሌቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«እማማ በላይነሽ፣ ስንት ጊዜ ማርያም ማርያም ተባለልዎ?»

ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። አንዱ እጃቸው አልቆ ወደ ሌላኛው ተሻገሩ። የዝና ማጥባቷን ትታ ቀና አለች፤ እሷ የምታውቀው ሦስት ልጅ እንዳላቸው ነበር።

«ዘጠኝ» አሉ። እጆቻቸውን እንደታጠፉ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጧቸው። «የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። ጸጉሯ ብዙ ነበር። ለማንም አላወራሁም ልጀ፤ የጠየቀኝ የለም።»

ከዚያ ወደ ሁለተኛው አለፉ፤ እኔም አላቋረጥኳቸውም።